ኮምቢን እንደ ፈረስ መሸለም

አዊ ውስጥ ሰው የሚጓዝበትን ነገር አስጊጦ አደባባይ ማውጣት በመኪና አልተጀመረም። በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር፣ ፈረሱ ከልጓሙ እስከ ግላሱ አሸብርቆ ይወጣል። ጌጡ ሁሉ ያደረው ለአንድ ሐሳብ ነው፤ ዓድዋ የዘመተውን ፈረስና ፈረሰኛ ለማሰብ።

ሥዕላዊ መኪናም እንዲሁ ነው። አንድ ጭብጥ ይመረጥለትና በቀለምና በቅርጽ ሌላ ፍጥረት ይሆናል፤ መነዳቱ ግን አይቀርም። በዓለም ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ ፎልክስዋገን ኮምቢ ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊ ቦብ ሂሮኒመስ በፈረንጆቹ 1968 ቀባው፤ በዓመቱ ዉድስቶክ የሙዚቃ ድግስ ላይ ታየ። የአዲስ አበባ ሚኒባሶች ግን ለረጅም ዘመን ሰማያዊና ነጭ እንዲሆኑ በመወሰኑ፣ የሾፌሩ ጥበብ ወደ ውስጥ ገባ፤ ጥቅሱ፣ የቅዱሳኑ ሥዕል፣ የኳስ ተጫዋቹ ፎቶ። እወዳቸዋለሁ፤ ሆኖም እያንዳንዱ የየራሱን ይናገራል እንጂ አንድ ላይ አይዘምሩም።

እዚያው አዊ፣ አዘና ላይ አሮጌ ኮምቢ ያለው ሰው ምን ላድርገው ቢለኝ፣ ፈረስ አድርገው እለዋለሁ። ፊቱ ሰፊ ነው፤ ልጓም ይሳልበታል። ጎኑ ላይ ኮርቻና እርካብ፣ ጣሪያው ላይ ከፋይበር ግላስ የተሠራ ጆሮና የቃጫ ጋማ፣ ከኋላው ደግሞ ጭራ። ወንበሮቹ ግላስ የመሰለ ባለ ዘርፍ ልብስ ይልበሱ።

ቀለም ግን የመጨረሻው ሥራ ነው። ሊብሬው ላይ የመኪናው ቀለም ስለሚጻፍ አስቀድሞ ትራንስፖርት ቢሮ መጠየቅ ይገባል። ከዚያ ዝገቱ። የአዊ ክረምት ብርቱ ነው፤ ኮምቢ ደግሞ ጣሪያው ዙሪያ ባለው የውኃ መውረጃ ጠርዝ ላይ ቶሎ ይዝጋል። የበሰበሰው ላሜራ ተቆርጦ ይበየዳል፣ አንቲረስት ይቀባል፣ ስቱኮ ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ይህ ከተዘለለ ሥዕሉ ከሥሩ ያብጥና ይላጣል።

ብዙ ጥንቃቄ የሚሻው ጭራው ነው። የአሮጌው ኮምቢ ሞተር ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውኃ ሳይሆን በነፋስ ነው። አየር የሚስበው ከኋላ ጎማዎቹ በላይ፣ በሁለቱ ጎኖች ባሉት ክፍተቶች ነው። ቃጫ ወይም ጨርቅ ከሸፈናቸው ሞተሩ ይግላል፣ ዳገት ላይም ሊነክስ ይችላል። ጭራው መሃል ላይ ተጎንጉኖ፣ መብራቱንና ታርጋውን ሳይጋርድ በመንጠቆ ይንጠልጠል፤ መካኒኩ የሞተሩን ክዳን ሲከፍት እንዲያወርደው።