«የሚቀይር መድኃኒት አለ?»

ነቀምቴ፣ ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ ላይ የአእምሮ ጤና ክፍል የሚገባ ወጣት፣ ወንድ እንደሚወድ ተናግሮ አይጀምርም። «እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል» ይላል፤ «ምግብ አልበላልህ አለኝ» ይላል። ካርድ ክፍል ያለችው ዘመዱ ልትሆን ትችላለች፤ ወንበሩ ላይ ተራ የሚጠብቁትም የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ነገሩ የሚወጣው፣ ከወጣ፣ ከብዙ ቀጠሮ በኋላ በኦሮምኛ ነው። ቀጥሎም ያ ጥያቄ ይመጣል፦ «የሚቀይር መድኃኒት አለ?»

ከልቡ ነው የሚጠይቀው። ጾሟል፣ አስጸልዮአል፣ ጠበል ተጠምቋል። ባለሙያው «ምን ቢለወጥልህ ነው የምትፈልገው?» ሲለው ግን መልሱ ወደ ሌላ ይሄዳል፦ እናቴ እንዳታፍር፣ ከመዘምራን እንዳልባረር፣ እንዳልታሰር። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱ በእስራት ያስቀጣል። ወለጋ ላይ ሥር የሰደደችው መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2013 ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካዋ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋርጣለች። ወጣቱ ይህን ሁሉ ያውቃል። «ቢቻል እቀየር ነበር» ሲል በአብዛኛው የሚናገረው ፍርሃቱ ነው።

ሰዎች ስለ መለወጥ የሚሰጡት ቃል ምን ያህል አሳሳች እንደሆነ ከአሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ከሮበርት ስፒትዘር በላይ ያየ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ከአሜሪካ የአእምሮ ሕመሞች መዝገብ እንዲወጣ ከፍተኛ ድርሻ የነበረው እሱ ነበር። በ2003 ግን ተለውጠናል ያሉ 200 ሰዎችን በስልክ አነጋግሮ፣ ብርቱ ፍላጎት ያላቸው አንዳንዶች መለወጥ ይችላሉ የሚል ጥናት አሳተመ። ያመነው ቃላቸውን ነበር፤ ሌላ ማረጋገጫ አልነበረውም። በ2012 በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። በዓመቱ ሰዎችን በጸሎትና በምክር እለውጣለሁ ይል የነበረው ኤክሶደስ ኢንተርናሽናል ተዘጋ፤ መሪው አለን ቻምበርስም ካገኛቸው ሰዎች እጅግ የሚበዙት ዝንባሌያቸው እንዳልተለወጠ መስክሯል። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን ዝንባሌ ከበሽታዎች ዝርዝር ካወጣው፣ ከ1990 ወዲህ፣ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ አልፏል።

ስለዚህ ባለሙያው «አለ» ብሎ ተስፋ መስጠት አይችልም። የሌለ መድኃኒት የታዘዘለት ወጣት አልለወጥ ሲል ጥፋቱን በራሱ ላይ ይጭናል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድብርት ነፍስ ድረስ ይሄዳል።

ዘመድ የሚያዘው መድኃኒት ደግሞ ጋብቻ ነው። «አግባ፣ ይለቅሃል» ይሉታል። ሽማግሌ ሊላክባት የታሰበችውን ልጅ ማንም ምንም አይነግራትም፤ እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ለምን እንደማትፈለግ ስትጠይቅ ልትኖር ነው። ይህ ለሁለቱም በደል ነው፤ ባለሙያውም ይህን ለወጣቱ ፊት ለፊት ሊነግረው ይገባል።

ድብርቱ ይታከማል፣ እንቅልፉም ይመለሳል። ራሱን ለማጥፋት ያስብ እንደሆነ ሳይሸፋፈን ይጠየቃል። የቀረው ነገር ግን እሱ ሳይፈቅድ ካርዱ ላይ አይሰፍርም፤ ደጅ ቆማ ለምትጠብቀው እናቱም ቢሆን አይነገርም።