ሁሉም የፅንስ መጨናገፍ «ሾተላይ» አይደለም



አንዲት እህታችን የመጀመሪያው ፅንስ ሲጨናገፍባት ጎረቤቱ ሁሉ «አይዞሽ፣ አላህ ይተካልሻል» ይላታል። ሁለተኛው ሲደገም የሚያጽናናት ሰው ቁጥር ይቀንሳል። ሦስተኛው ላይ «እሷማ ሾተላይ አለባት» የሚለው ሹክሹክታ ይጀመራል። ከዚያ በኋላ ጥፋቱ ሁሉ የእሷ ይሆናል። አማት ፊት ትነሳታለች፤ ባልን «ሌላ አግባ» የሚል መካሪ ይበዛል። እሷም አንዴ ጠንቋይ ዘንድ፣ አንዴ ሥር ማሽ ዘንድ ስትንከራተት ልትታከም የምትችልበት ጊዜ ያልፋል።

በዚህ ወር ዓምዳችን ልናስገነዝብ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። «ሾተላይ» የሚለው ስም የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ላይ ሸፍኖ ኖሯል። በሽታዎቹ የተለያዩ እንደመሆናቸው ሕክምናቸውም ይለያያል። አንዱን ከሌላው ለመለየት ደግሞ ሐኪም በቅድሚያ የሚጠይቀው «ፅንሱ የወረደው በስንተኛው ወር ነው?» ብሎ ነው።

አንዴ ሲያጋጥምና ሲደጋገም

ከተረጋገጡ 100 እርግዝናዎች ውስጥ ከ10 እስከ 20 ያህሉ ይጨናገፋሉ፤ አብዛኞቹም በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ከእነዚህ መካከል ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት ፅንሱ ሲፈጠር የክሮሞዞሙ ቁጥር በመዛባቱ የሚወርዱ ናቸው። ይህ በአጋጣሚ የሚከሰት እንጂ እናት በመደንገጧ ወይም ከባልዋ ጋር በመገናኘቷ የሚመጣ አይደለም። የእናት ዕድሜ በተለይም ከ35 ዓመት ሲያልፍ ይህ አጋጣሚ እየጨመረ ይሄዳል።

በተከታታይ 3 ጊዜ የሚጨናገፍባቸው ጥንዶች ግን ከ100 አንድ ያህል ብቻ ናቸው። ቀድሞ ሐኪሞች ምርመራ የሚጀምሩት 3 ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ግን ሁለት ጊዜ መከሰቱን በቂ አድርጎታል። ስለዚህ ሦስተኛውን መጠበቅ አያስፈልግም።

በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የሚደጋገም ከሆነ

እዚህ ላይ ከሚፈለጉት ምክንያቶች ዋነኛው አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድረም የሚባለው ነው። በዚህ ችግር የእናትየው ሰውነት ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፀረ እንግዳ አካላትን ያመርታል፤ የእንግዴ ልጁም በአግባቡ እንዳይሠራ ያውካሉ። የሚታወቀው በ12 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ በሚደረግ የደም ምርመራ ነው። ሕክምናውም በሐኪም ክትትል የሚሰጥ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪንና የሄፓሪን መርፌ ነው።

ሌሎቹ በቁጥጥር ሥር ያልዋለ የስኳር በሽታ፣ የታይሮይድ ዕጢ መዛባት እና የማህፀን ውስጠኛ ክፍል በግድግዳ መከፈል ናቸው። በጥቂት ጥንዶች ላይ ደግሞ ከባል ወይም ከሚስት ክሮሞዞሞች ውስጥ ቦታ የተለዋወጡ ይገኛሉ። ይህ ያለበት ሰው ራሱ ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

ቀደም ሲል ፅንስ የተጨናገፈባት እናት በአዲሱ እርግዝና መጀመሪያ ላይ ደም ካየች ፈጥና ሐኪም ዘንድ ትሂድ። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመና ከ4 ሺህ በላይ ሴቶች የተካፈሉበት የብሪታንያ ጥናት እንዳሳየው፣ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ተጨናግፎባቸው በአዲሱ እርግዝና ደም ከታያቸው ሴቶች መካከል ፕሮጄስትሮን የተሰጣቸው ከ100 ሰባ ሁለቱ በሕይወት ያለ ልጅ ወልደዋል። ካልተሰጣቸው ግን የወለዱት ሃምሳ ሰባቱ ነበሩ።

ከ4ኛው ወር በኋላ ከሆነ

ሆዷ ገፍቶ፣ ብዙም ምጥ ሳይሰማት ፅንሱ በድንገት የሚወርድባት እናት የማህፀን በር መላላት ሊኖርባት ይችላል። ይህ ቀደም ብሎ ከታወቀ በ3ኛው ወር መጨረሻ ገደማ የማህፀን በሩ በክር ይሰፋል፤ መውለጃዋ ሲቃረብም ክሩ ይወጣል። በዚህ ወቅት ማዮማና ያልታከመ ቂጥኝም ይፈተሻሉ። ቂጥኝ በቀላል የደም ምርመራ ታውቆ በፔኒሲሊን መርፌ የሚድን ነው። ባልም አብሮ ካልታከመ ግን ተመልሶ ይመጣል። ወባ ባለበት አካባቢ ደግሞ ነፍሰ ጡር በአጎበር ትተኛ፤ ትኩሳት ከተሰማት ቀን አታሳልፍ።

ሐኪሞች ሾተላይ የሚሉት የትኛውን ነው?

ሐኪሞች ሾተላይ የሚሉት የአር ኤች አለመጣጣምን ነው። እናት አር ኤች ኔጋቲቭ፣ ባል ፖዘቲቭ ሲሆኑ ፅንሱ የአባቱን ሊወርስ ይችላል። በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እናቱ ሲገባ ሰውነቷ እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ያመርታል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ይወለዳል። ቀጣዮቹ ግን በደም ማነስና በቢጫነት ይጎዳሉ፤ ማህፀን ውስጥ እንዳሉ ወይም እንደተወለዱ ሊሞቱም ይችላሉ። በ2ኛው ወር ለሚወርድ ፅንስ ግን ይህ የተለመደ ምክንያት አይደለም።

መከላከያው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው አንቲ ዲ የተባለው መርፌ ነው። በ28ኛው ሳምንት ገደማ፣ ከዚያም የተወለደው ልጅ ፖዘቲቭ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። እርግዝናው ከ12 ሳምንት ካለፈ በኋላ ፅንስ ለወረደባትም ያስፈልጋታል። የእናትየው ሰውነት መከላከያውን አንዴ ካመረተ መርፌው አይጠቅምም፤ የቅርብ ክትትል እንጂ። ስለዚህ የደም ዓይነትን ማወቅ ያለብን ከመጀመሪያው እርግዝና በፊት ነው።

ባልም አብሮ ይመርመር

ወንድሞቻችን ሆይ! ከላይ እንዳየነው ምክንያቱ ከአንድ ወገን ብቻ አይመጣም። አብሯት ሐኪም ቤት የሚሄድ፣ ደሙን የሚሰጥ፣ ሲጋራውን የሚያቆም ባል ግማሹን ሕክምና ጀምሯል። መታከምም ከተወኩል ጋር የሚጋጭ አይደለም።

ከምርመራው በፊት ባልና ሚስት በደብተር ላይ የሚከተለውን ይጻፉ፦ የመጨረሻው የወር አበባ የታየበት ቀን፣ ፅንሱ የወረደበት ሳምንት፣ ሕመም ወይም ትኩሳት እንደነበረ፣ በአልትራሳውንድ የልብ ምት ታይቶ እንደሆነ። የቆዩ የምርመራ ወረቀቶችንም አይጣሉ።

በማዕድ በኩል

ለማርገዝ ስታስብ ጀምሮ እስከ 3 ወር ድረስ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ መውሰድ ይመከራል፤ ጥቅሙ ፅንሱን ከአከርካሪና ከአንጎል ጉድለት መጠበቅ ነው። ከዚህ ጋር ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ እንቁላልና አዮዲን ያለው ጨው ከማዕዷ አይጥፉ። ጥሬ ሥጋና ያልተፈላ ወተት ፅንስን የሚጎዱ ተዋሲያን ሊይዙ ስለሚችሉ ይቅሩባት። ቡናን በቀን አንድ ሁለት ሲኒ ላይ ትወስን። ጫት የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋና የሕፃኑ ክብደት ከማነስ ጋር ስለሚያያዝ መተዉ ይበጃል። በረመዳንም ለራሷ ወይም ለፅንሱ የሠጋች ነፍሰ ጡር ማፍጠር ተፈቅዶላታልና ሐኪሟን ታማክር።

ምክንያቱ ካልተገኘስ?

ከተመረመሩት ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ምንም ምክንያት አይገኝላቸውም። ይህ ግን የተስፋ መቁረጫ ዜና አይደለም። ከእነርሱ አብዛኞቹ ያለ ልዩ መድኃኒት፣ በመልካም ክትትልና እንክብካቤ ብቻ በቀጣዩ እርግዝና ልጃቸውን አቅፈዋል።

እኛ ጎረቤቶችና ዘመዶችም የምናግዝበት መንገድ አለ። «ሾተላይ አለባት» ከማለት ይልቅ «ተመርምራችኋል ወይ? አብረን እንሂድ» እንበል። አላህ (ሱ.ወ.) ላጡት መልካሙን ይተካላቸው፤ ላረገዙትም በሰላም ያገላግላቸው። አሚን!