ከጥጥ ፋብሪካ ወደ አረጋውያን መኖሪያ

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ዎልታም በተባለችው ከተማ፣ ቻርለስ ወንዝ ዳር የቆመ አንድ በጡብ የተሠራ ፋብሪካ ዛሬ የአረጋውያን መኖሪያ ሆኗል። ከ1814 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ወደዚህ ግቢ ጥሬ ጥጥ ይገባና ጨርቅ ሆኖ ይወጣ ነበር።

ነጋዴው ፍራንሲስ ካቦት ሎዌል የእንግሊዝን ፋብሪካዎች ጎብኝቶ የሽመና መኪናዎቹን አሠራር በአእምሮው ይዞ ተመለሰ። ከመካኒኩ ፖል ሙዲ ጋር ሆኖም በውኃ ኃይል የሚንቀሳቀስ መሸመኛ ሠራ። በአሜሪካ ፈትልና ሽመና በመኪና ኃይል በአንድ ጣሪያ ሥር ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙት እዚህ ነው። ኩባንያው በ1930 ተዘጋ።

በ1977 ቦታው ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተባለ፤ ብዙም ሳይቆይ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኽ የነበረው አዳራሽ በግድግዳ ተከፋፍሎ አፓርታማ ሆነ።

አሮጌ ፋብሪካን የአረጋውያን መኖሪያ ማድረግ ብልህ ምርጫ ነው። ፋብሪካው በተሠራበት ዘመን የኤሌክትሪክ መብራት ስላልነበረ ፋብሪካዎች የሚሠሩት ረድፍ በረድፍ መስኮት እየተደረገላቸው ነበር፤ ያ ብርሃን ዓይኑ ለደከመ አዛውንት ትልቅ ጸጋ ነው። ችግሩ ሌላ ነው፦ ደረጃው ለጉልበት አይመችምና ሊፍት ያስፈልጋል፣ ዘይት የጠጣው የእንጨት ወለል የእሳት ስጋት አለው፣ አፈሩም ከብክለት መጽዳት ሊኖርበት ይችላል። ወጪው ከባድ ስለሆነ የአሜሪካ መንግሥት የሕንፃውን ታሪካዊ ገጽታ ጠብቀው ለሚያድሱ ባለሀብቶች የእድሳቱን ወጪ 20 በመቶ ከግብር ላይ ይቀንስላቸዋል። ይህ ድጋፍ ባይኖር ብዙ አሮጌ ፋብሪካዎች በፈረሱ ነበር።

በዎልታም የግቢው አንድ ክፍል የኢንዱስትሪ ሙዚየም ነው፤ የድሮ መኪናዎች ለጎብኚ ይታያሉ።