ስክራች፦ ልጅ ኮምፒውተሩን የሚያዝበት ሶፍትዌር

ለልጆች ትምህርት ከተሠሩት ሶፍትዌሮች አብዛኞቹ ጠያቂዎች ናቸው። «ሰባት ሲደመር አምስት ስንት ነው?» ይላሉ፤ ልጁ ካገኘው ኮከብ ይሸልሙታል፣ ከሳተ ደግመው ይጠይቁታል። ለቃል ጥናት አይከፉም። ስክራች ግን ነገሩን ይገለብጠዋል፤ አዛዡ ልጁ፣ ታዛዡ ኮምፒውተሩ ነው።

ስክራች እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ሆነ። የሠራው በአሜሪካ ኤም.አይ.ቲ. ሚዲያ ላብ ውስጥ በሚቸል ሬስኒክ የሚመራው ቡድን ነው። ሐሳቡ ግን ከዚያ በፊት የነበረ ነው። የደቡብ አፍሪካ ተወላጁ የሒሳብ ሊቅ ሲሞር ፓፐርት ጄኔቫ ውስጥ ከሥነ ልቦና ተመራማሪው ዣን ፒያዤ ጋር ሠርቶ ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ከባልደረቦቹ ጋር ሎጎ የተባለውን የልጆች የፕሮግራም ቋንቋ ፈጠረ። ልጆች አንዲትን «ኤሊ» እያዘዙ ሥዕል ያስሏት ነበር። ስክራች የዚያ ሐሳብ ወራሽ ነው።

ፕሮግራሙ ሲከፈት በአንድ በኩል በየቀለማቸው የተደረደሩ የትእዛዝ ብሎኮች፣ መሐል ላይ የሚገጣጠሙበት ባዶ ቦታ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ብርቱካንማ ድመት የቆመችበት መድረክ ይታያሉ። ሰማያዊው ብሎክ እንቅስቃሴን ያዛል፤ ቢጫው መቼ እንደሚጀመር ይወስናል፤ ብርቱካንማው ያስደጋግማል። ልጁ ብሎኮቹን በማውስ እየጎተተ ያያይዛል፤ አረንጓዴውን ባንዲራ ሲጫን ድመቷ የታዘዘችውን ትፈጽማለች። አብረው የማይሄዱ ብሎኮች ቅርጻቸው ስለማይገጥም አይያያዙም። ስለዚህ አንድ ምልክት በመሳቱ ሥራው ሁሉ አይቆምበትም፤ ትኩረቱ ሐሳቡን በማስተካከል ላይ ይሆናል።

ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ልጁ የብዕር ብሎኮችን ጨምሮ «100 እርምጃ ሂጂ፣ 90 ዲግሪ ዙሪ» የሚለውን አራት ጊዜ ቢያስደግም ካሬ ይወጣለታል። እኩል ጎኖች ያሉት ሦስት ማዕዘን ሲሞክር ግን ብዙውን ጊዜ ክፍል ውስጥ የተማረውን 60 ዲግሪ ያስገባል፤ መስመሮቹም ሳይገናኙ ይቀራሉ። ድመቷ የምትዞረው የውጭውን ማዕዘን፣ ማለትም 120 ዲግሪ ነውና። ስህተቱን የነገረው ቀይ እስክሪብቶ ሳይሆን ራሱ ሥዕሉ ነው። 360ን ለጎኖቹ ቁጥር ማካፈል እንደሚበቃ የደረሰበት ልጅ፣ ባለ ስድስትም ባለ ስምንትም ጎን ቅርጽ መሣል አያቅተውም።

ጥቅሙ በሒሳብ ብቻ አይወሰንም። ልጁ የአያቱን ተረት በድምፅ ቀድቶ፣ አንበሳውንና ጦጣውን ራሱ ሥሎ፣ በተራ ሊያነጋግራቸው ይችላል። ማን መቼ እንደሚናገር መወሰን ነገርን በቅደም ተከተል ማሰብን ያስተምራል። ከሚሠራባቸው ከ70 በላይ ቋንቋዎች አማርኛ አንዱ በመሆኑ፣ በውጭ አገር የሚያድጉ ልጆች ፊደላቸውን በጨዋታ መሐል ያገኙታል።

ስክራች ነጻ ነው። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የኔትወርክ ችግር ላለበት ትምህርት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዋናነት የታሰበው ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ሲሆን፣ ከ5 እስከ 7 ላሉት በሥዕል የሚሠራ ስክራች ጁኒየር አለ። ልጁ ሥራውን በድረ ገጹ ላይ የሚያጋራ ከሆነ ግን እውነተኛ ስሙንና ትምህርት ቤቱን እንዳይጠቅስ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ወላጅም ሆነ መምህር ፕሮግራም መጻፍ ማወቅ አይጠበቅበትም። ልጁ ሲቸገር «ድመቷ ምን እንድታደርግ ነበር የፈለግኸው? እሷስ ምን አደረገች?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። መልሱን ቢያውቁት እንኳ ማውሱን ከልጁ እጅ አይውሰዱ።