ሁለት ሽጉጥ፣ አንድ እጅ

አንድ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ሽጉጥ ቢኖረው፣ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን እየቀያየረ መታጠቅ ይሻለዋል ወይስ በአንዱ መጽናት? በልብስ ሥር ሽጉጥ መያዝ በሕግ በሰፊው በተፈቀደባት በአሜሪካ ይህ ጥያቄ ብዙ ያከራክራል። በእኛ አገር የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ላይ ስለመሠረተው፣ ለአብዛኛው አንባቢያችን ጥያቄው ገና ከመነሣቱ የተዘጋ ይመስላል።

ሆኖም ጥያቄው በሌላ መልክ በየቀኑ በፊታችን ይቆማል። በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደር ወይም በባኮ ወደ አንድ ባንክ ወይም መጋዘን ስንገባ በር ላይ የምናገኘው የጥበቃ ሠራተኛ የሚታጠቀው አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ሳይሆን ከፈረቃ ጓደኛው የተረከበውን የተቋሙን መሣሪያ ነው። ተቋሙ ያሉት መሣሪያዎች ዓይነታቸው የተለያየ ከሆነ፣ ሠራተኛው ሳይመርጥ ቀያያሪ ይሆናል። እኛም፣ ተማሪውም፣ ገንዘብ ሊያወጣ የመጣው ገበሬም በዚያ አፈሙዝ ፊት እናልፋለን።

የመሣሪያ መደበላለቅ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተሰለፈው ሠራዊት ከልዩ ልዩ አገሮች የተገኘ ጠመንጃ ይዞ ነበር። ውጅግራ የምንለው ስም ራሱ የፈረንሳዩ የግራ ጠመንጃ ስያሜ በእኛ አንደበት የተለወጠ ነው። የውጅግራ ጥይት ስፋቱ 11 ሚሊ ሜትር፣ የጣሊያኑ የቬተርሊ ደግሞ 10.4 ነበር። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ቢሆንም የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ዛሬ ከአምቦ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው፣ በደርግ ዘመን የተቋቋመው የሆሚቾ የጥይት ፋብሪካ ሥራውን ሊሠራ የሚችለው መለኪያዎች አንድ ወጥ ስለሆኑ ብቻ ነው። ጥይቱ ግን የጉዳዩ ቀላሉ ክፍል ነው፤ የማይገባ ጥይት አልገባም ብሎ ራሱ ይናገራልና። የእጅ ልማድ ግን እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

ሰዎች ሁለት ሽጉጦችን ሲያነጻጽሩ አስቀድመው የሚያነሡት ርግጫን ነው። እስቲ እናስላው። ማካሮቭ ባዶውን 0.73 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ 6.1 ግራም የሚሆነውን አረር በሰከንድ 315 ሜትር ያህል ያስወነጭፋል። እንድርድሪት መጠነ ቁስ በፍጥነት ሲባዛ ስለሆነ 0.0061 ሲባዛ በ315 ወደ 1.92 ይሰጠናል። በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት ሽጉጡ ይህንኑ ያህል ወደ ኋላ ይቀበላል፤ ለ0.73 ስናካፍለው በሰከንድ 2.6 ሜትር ይሆናል። ቶካሬቭ ደግሞ 0.85 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ 5.5 ግራም አረር በሰከንድ 420 ሜትር ገደማ ይልካል። በዚሁ ስሌት የሽጉጡ የኋልዮሽ ፍጥነት 2.7 ሜትር በሰከንድ ነው። አብሮ የሚወጣውን የባሩድ ጋዝ ስላልቆጠርን እውነተኛዎቹ ቁጥሮች ጥቂት ከፍ ይላሉ። ቢሆንም ሁለቱ ሽጉጦች እጅን የሚገፉበት ፍጥነት ተቀራራቢ መሆኑ ያስገርማል። የአረሩን እንቅስቃሴያዊ ጉልበት ብናሰላ ግን ማካሮቭ 303 ጁል፣ ቶካሬቭ 485 ጁል ይሆናሉ። ከአፈሙዝ የሚወጣው ጉልበት በ60 በመቶ ሲበልጥ እጅ ልዩነቱን እምብዛም አይለየውም ማለት ነው። ስለዚህ «ርግጫውን ከቻልኩት መሣሪያውን ለመድኩት» የሚል ሰው የተሳሳተ መለኪያ ይዟል።

ዋናው ልዩነት ያለው ምላጩ ላይ ነው። መዶሻው ባልተወጠረ ማካሮቭ የመጀመሪያውን ጥይት ለመተኮስ ጣታችን ሁለት ሥራ ይሠራል፤ መዶሻውን ወደ ኋላ ይወጥራል፣ ከዚያም ይለቀዋል። ስለዚህ የምላጩ ጉዞ ረጅም፣ የሚጠይቀውም ኃይል ከባድ ነው። ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ ሽጉጡ መዶሻውን ራሱ ስለሚወጥረው፣ ቀጣዩ ከግማሽ ባነሰ ኃይል ይተኮሳል። ቶካሬቭ ግን የመጀመሪያው ዓይነት ጉዞ ፈጽሞ የለውም። መዶሻው ከተወጠረ ምላጩ ከመጀመሪያውም አጭርና ቀላል ነው። የማካሮቭን ረጅም ጉዞ የለመደ ጣት በተወጠረ ቶካሬቭ ላይ ሲያርፍ፣ ባለቤቱ ገና «ልተኩስ ወይስ አልተኩስ» እያለ መሣሪያው ሊጮኽ ይችላል። ከተቃራኒው ወገን ደግሞ ቀላሉን የለመደ ሰው ከባዱን በድንገት ሲስብ አፈሙዙን ያዘነብላል። አንድ ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብለው አረሩ 10 ሜትር ላይ በ17.5 ሴንቲ ሜትር ይስታል። ያ ርቀት በሰው በተሞላ የባንክ አዳራሽ የሌላ ሰው ትከሻ ነው።

የጥንቃቄ ቁልፍም የባሰ ጣጣ አለው። በማካሮቭ ቁልፉ ወደ ላይ ሲነሣ መሣሪያው ይቆለፋል፣ ወደ ታች ሲወርድ ይከፈታል። በጀርመኑ ዋልተር ፒፒ እና በጣሊያኑ ቤሬታ 92 ኤፍኤስ ቁልፉ ያለው በተመሳሳይ ስፍራ ሆኖ አሠራሩ ተቃራኒ ነው፤ ታች ዝግ፣ ላይ ክፍት። ቶካሬቭ በመጀመሪያ ሥሪቱ የጥንቃቄ ቁልፍ የሚባል ነገር አልተደረገለትም። ወደ በር ጥበቃው ብንመለስ፣ የክላሽ ቁልፍ በቀኝ ጎን ያለ ረጅም ዘንግ ሲሆን ከላይ ዝግ ነው። አንድ ደረጃ ሲወርድ በተከታታይ የሚተኩስበት ቦታ ላይ ያርፋል፤ ነጠላው ከሁሉ በታች ነው። የሲሞኖቭ ቁልፍ ግን ከምላጩ በስተኋላ ያለች ትንሽ ነገር ናት። ዛሬ ክላሽ ነገ ሲሞኖቭ የሚረከብ ሰው፣ በድንጋጤ ጊዜ እጁ የሚሄደው ወደ ትላንቱ ቦታ ነው።

ሥነ ልቦና ይህንን አሉታዊ የልማድ ሽግግር ይለዋል። አዲሱ ሥራ ከአሮጌው ጋር ፈጽሞ ካልተመሳሰለ እጅ እንደ አዲስ ይማራል፤ እጅግ ተመሳስሎ በአንዲት ነጥብ ብቻ ከተለየ ግን አሮጌው ልማድ ይቀድማል። በፓወር ግዕዝ ጽሑፍ መልቀም የለመደ ሰው በቪዥዋል ግዕዝ ሲቀመጥ የደረሰበትን የሚያስታውስ አንባቢ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በዚያ ስሕተት የሚጠፋው አንድ ፊደል ነው፤ መልሶም ይጻፋል።

ካዝና ማውጣትን በተመለከተ ያለው ልዩነት ከሁሉ ይልቅ ያሳስበናል። ብራውኒንግ ሃይ ፓወር የተባለው ሽጉጥ በዋናው ሥሪቱ ካዝናው ከወጣ አይተኩስም። ማካሮቭ ግን ካዝናው ወጥቶም ቢሆን በአፈሙዙ መነሻ የቀረ አንድ ጥይት ካለ ይተኩሳል። የመጀመሪያውን የለመደ ሰው ሁለተኛውን ቤቱ ወስዶ ካዝናውን አውጥቶ «ባዶ ነው» ቢል፣ በልማዱ ልክ ነበር። በመሣሪያው ግን አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የመቀያየር ደጋፊዎች «መሣሪያም እረፍት ይፈልጋል፣ የካዝናው ሞላ ተጨምቆ ከቆየ ይሞታል» ይላሉ። ይህ አባባል ፊዚክስን አያውቅም። የብረት ሞላ ከመለጠጥ ወሰኑ ሳያልፍ ተጨምቆ ቢቆይ፣ በሁክ ሕግ መሠረት ሲለቀቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። በተራ የአየር ሙቀት ዝም ብሎ መጨመቁ የሚያደርስበት ጉዳት እምብዛም ነው። ሞላን የሚያደክመው ሺህ ጊዜ መጨመቅና መለቀቅ ነው። ስለዚህ ጥይቱን በየቀኑ እያወጡ መልሶ መሙላት፣ ሞላን «ማሳረፍ» ከተባለ፣ ከመተዉ ይልቅ ያደክመዋል። በወገብ የሚያዝ መሣሪያን በእውነት የሚጎዳው የሰውነት ላብ ነው፤ ጨው ያለበት እርጥበት ብረትን ቶሎ ያዝጋል፣ የአምቦ ክረምትም ይጨምርበታል። የዚህ መድኃኒት በደረቅ ጨርቅ መጥረግና ቀጭን ዘይት መቀባት ነው እንጂ ሁለተኛ ሽጉጥ አይደለም።

ሁለተኛው ሽጉጥ ደግሞ አንድ የሚረሳ ጠባይ አለው። ባለቤቱ አንዱን ይዞ ሲወጣ ሌላው ቤት ይቀራል። የቀረው በፍራሽ ሥር ወይም በቁም ሣጥን ውስጥ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ከእርሱ ጋር የሚውሉት ልጆች ናቸው። የማካሮቭን የመጀመሪያ ምላጭ ለመሳብ የሚያንስ የሕፃን ጣት፣ የተወጠረን መሣሪያ ለመሳብ ላያንስ ይችላል።

የበር ጥበቃዎችን ጉዳይ በተመለከተ መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ለአንድ በር በሁሉም ፈረቃ አንድ ዓይነት መሣሪያ መመደብ ይቻላል። ይህ እስኪሆን ድረስም ርክክቡ በቃል ብቻ መሆን የለበትም። አስረካቢው አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ያዞራል፤ ጣቱን ከምላጩ ያርቃል፤ ካዝና ያለውን ካዝናውን ያወጣል፣ ካዝናው የማይነቀለውን ደግሞ በውስጡ ያለውን ጥይት ያወጣል። ከዚያም ጥይት የሚገባበትን ክፍል ከፍቶ ባዶነቱን በዓይኑም በጣቱም ያረጋግጣል። ተረካቢው ይህንኑ በገዛ እጁ ይደግማል፤ የጥንቃቄ ቁልፉንም ባዶ መሣሪያ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍቶ ይዘጋል፣ እጁ ዛሬ የያዘው የትኛውን እንደሆነ እንዲያውቅ።