አሰብን የገዛት የመርከብ ኩባንያ

ቢቸናም ሞጣም ያላችሁ፣ አያታችሁ ሳጥን ውስጥ ጠገራ ብር አይታችሁ ታውቃላችሁ? አሰብ የተሸጠችው በዚያ ብር ነው።

ስለ ወደብ ወሬ በተነሳ ቁጥር «ጣሊያን አሰብን የያዘው ተዋግቶ ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አይደለም፤ ገዝቶ ነው። ገዢው ደግሞ በወረቀት ላይ መንግሥት ሳይሆን ሩባቲኖ የሚባል የጄኖቫ የመርከብ ኩባንያ ነበር።

ኩባንያው አሰብን ለምን ፈለገ?

ጊዜው መርከቦች ከሸራ ወደ እንፋሎት የሚዞሩበት ነበር። የሸራ መርከብ በንፋስ ይሄዳል። የእንፋሎቱ ግን ከሰል ይበላል፤ ከጣሊያን ቦምቤይ ለመድረስ መሀል ላይ የሚሞላበት ቦታ ይፈልጋል። እንደ ዛሬ ማደያ በሉት። የሱዌዝ ቦይ ሲከፈት ደግሞ ቀይ ባሕር ዋና መንገድ ሆነ።

ግዢው እንዴት ሆነ?

ኅዳር 1862 ዓ.ም.፣ ቦዩ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለ የቀድሞ ሚሲዮናዊ ከሁለት ወንድማማች ሱልጣኖች፣ ከሐሰንና ከኢብራሂም ጋር በ6,000 ጠገራ ብር ተዋዋለ። ሰውየው ለአገሩ እንግዳ አልነበረም፤ ከ30 ዓመት በፊት ዓድዋ ድረስ መጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት «አፍሪካ» የምትባለው የሩባቲኖ መርከብ አሰብ ደረሰች።

ስሙ የኩባንያው ይሁን እንጂ ከጀርባው የጣሊያን መንግሥት ነበር። ግብፅ «ቦታው የኔ ነው» ብላ ስለተቃወመች ነገሩ ለ10 ዓመት ገደማ ተዳፍኖ ቆየ። ከዚያ በ1874 መንግሥት ከኩባንያው በይፋ ተረከበ። በ1877 ምጽዋን ያዘ፣ በ1882 ኤርትራን ቅኝ ግዛቴ ናት አለ፣ በ1888 ዓድዋ ላይ ድል ተመታ።

ጎጃም ላለነው ምናችን ነው?

ባሕሩ ሩቅ ይመስላል እንጂ ድሮም ከኛ ገበያ ጋር የተያያዘ ነበር። በምሥራቅ ጎጃም የባሶ ገበያ የሚሸጠው ቡናና የዝሆን ጥርስ በሲራራ ነጋዴ ጎንደርን አልፎ ምጽዋ ይወርድ ነበር። እንደ ገንዘብ እንገበያይበት የነበረው አሞሌ ጨውም ይመጣ የነበረው ከአፋር ነው። ዛሬም በመርከብ የሚመጣ ዕቃ ቢሆን የሰው ወደብ ሳይረግጥ ሞጣ አይደርስም።

ሱልጣኖቹ የሸጡት የባሕር ዳር መሬት ነበር። ገዢው ግን አገር አደረገው። ውል ስትፈርሙ «ገዢው ማነው?» ብቻ አትበሉ፤ «ከጀርባው ማን አለ?» በሉ።

ለጓደኛችሁ ሼር አድርጉ። ቤታችሁ ጠገራ ብር ካለ ደግሞ ፎቶውን ኮሜንት ላይ አሳዩን።