ወፍ የሚመርጠው ግቢ

ባሕር ዳር ላይ ከጣና ሐይቅ ዳር ባለ ሾላ ሥር ያለፈ ሰው፣ ከቅጠሉ መሃል አህያ ያናፋች ሊመስለው ይችላል። ጯሂው ግን ወፍ ነው፤ ከቁራ የሚገዝፍ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ምንቃሩ ላይ ቀንድ መሳይ ጉብታ የተሸከመ። ሾላው ሲበስል ይመጣል፣ ሲያልቅ ይሄዳል። ሾላ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚያፈራ ግን ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

ግቢ ውስጥ እህል ብንበትን ዋኔና ድንቢጥ አይጠፉም። ለብዙዎቹ ሌሎች ወፎች ግን እህል ምግብ አይደለም። በሐይቁ ዳር ዛፎች ላይ ጎጆ የሚጎነጉኑት ቢጫ ወፎች እንኳ፣ ራሳቸው እህል እየለቀሙ ጫጩቶቻቸውን በነፍሳት ነው የሚያሳድጉት፤ ጫጩት ለላባና ለሥጋ ፕሮቲን ይፈልጋልና። ስለዚህ ጸረ ተባይ የሚረጭበት ግቢ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለጫጩት የረሃብ ቦታ ነው።

አበባ የምትቀስመውን፣ ምንቃረ ቆልማማዋን አብረቅራቂ ወፍ ለሚወድ ሰው ሬት መትከል ይበቃል። አበባው ቀይ፣ ቱቦ መሰል ነው፤ ወፏ አገዳው ላይ ቆማ ስትቀስም ግንባሯ ላይ የተጣበቀውን የአበባ ዱቄት ወደሚቀጥለው ትወስዳለች። ለአጥር ደግሞ ከአጋም የሚሻል አላውቅም፦ ፍሬው ለወፍ፣ እሾሁ ድመት ለመከልከል። ሾላ ግን ሥሩ ስለሚሰፋ ከቤት ይራቅ።

ውሃ በዝርግ ሳህን፣ ከጣት ርዝመት ባልበለጠ ጥልቀት፣ መሃሉ ላይ ድንጋይ ተደርጎ ይቀመጥ። በየሁለት ቀኑ ይደፋ። ጣና ዳር ወባ አለ፤ የትንኝ እንቁላል ደግሞ በሞቃት አየር በሳምንት ገደማ ትንኝ ይሆናል።

ግቢ የማይሰጠው ነገር አንድ ነው፤ ያረጀ ዛፍ። ያ የአህያ ድምፅ ያለው ወፍ የሚፈለፈለው በትልቅ ዛፍ ፍልፍል ውስጥ ነው። ሴቷ ትገባና በሩ በጭቃ ይደፈናል፤ ምንቃር ብቻ የምታሾልክ ቀዳዳ ትቀራለች። እንዲህ ያሉ ዛፎች ዛሬም በዘጌ ገዳማት ደን ውስጥ ቆመዋል። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. የጣናን አካባቢ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግብ ይህ ደንም አብሮ ነበር። ከተማ ውስጥ ግን ግንብ ለማሠራት የሚቆረጠው መጀመሪያ ያረጀው ዛፍ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል። ያረጀ ዛፍ ባለበት ግን ወንዱ በጉሮሮው ፍሬ ሞልቶ እየተመላለሰ፣ ሴቷና ጫጩቱ እስኪወጡ ድረስ በዚያች ቀዳዳ አንድ በአንድ ያጎርሳቸዋል። ከሚያጎርሰው ውስጥ ብዙው ሾላ ነው።